ቤላ ጉትማን ወደ ቤንፊካ የተመለሰበት ዓመት

ባለፈው ዓመት የትምህርት ቤታችን የእግር ኳስ ቡድን የቀድሞውን አሠልጣኙን መልሶ ማግኘቱን ተማሪዎች ሁሉ ያስታውሳሉ። እኒህ መምህር ከአራት ዓመት በፊት ዋንጫ አስገኝተውልን ወደ ሌላ ከተማ ተዛውረው ነበር። ተመልሰው የመጡ ዕለት በጧት ሰልፍ ላይ ያጨበጨብነው ጭብጨባ የርእሰ መምህሩን ንግግር አቋረጠው። ከሦስት ወር በኋላ ግን በሩብ ፍጻሜ 4 ለ 1 ተሸነፍን። ያን ሌሊት በመኝታ ቤት ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ ‹‹ሰውዬው የቀድሞው ሰው አይደሉም›› ብሎ የተናገረው የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ነው። ነገሩ በማግሥቱ በክፍሎች ሁሉ ተዳረሰ። የታሪክ መምህራችንም በሰሙ ጊዜ፣ ፍርድ የሚሰጥ ሰው አስቀድሞ ምስክር መቍጠር እንዳለበት ገሠጹኝ።

ስለዚህ ከእኛ ሜዳ እጅግ በላቀ ስፍራ ተመሳሳይ ነገር የደረሰበትን ሰው ታሪክ መመርመር ጀመርሁ። ሰውዬው ቤላ ጉትማን ይባላል፤ ክለቡም በፖርቱጋል ዋና ከተማ በሊዝቦን የሚገኘው ቤንፊካ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልኝ እለምናለሁ።

ስለ ጉትማን ጥቂት የሰማ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም እርግማኑ ነው። በ1962 ቤንፊካን ለሁለተኛ ጊዜ የአውሮፓ ሻምፒዮን ካደረገ በኋላ ተጨማሪ ገንዘብ ጠይቆ ስለ ተከለከለ፣ ክለቡ እስከ መቶ ዓመት ድረስ የአውሮፓን ዋንጫ እንዳያነሣ ረግሞ ሄደ ይባላል። ቤንፊካም ከዚያ ወዲህ ስምንት ጊዜ ለአውሮፓ ፍጻሜ ቀርቦ ስምንቱንም ጊዜ ተሸንፎ ተመልሷል። የአባትና የመምህር እርግማን በሚፈራበት በእኛ አገር ይህ ወሬ ያለ ብዙ ክርክር ይታመናል። እኔም መጀመሪያ ስሰማው አምኜ ነበር። ነገር ግን ሰውዬው ክለቡን ረግሞ ከሄደ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1965፣ ክለቡ እንዴት መልሶ ቀጠረው? እርሱስ በገዛ እርግማኑ ሥር ለመሥራት እንዴት እሺ አለ? ወሬውን የሚያወሩት ሰዎች ይህን ሁለተኛ ዘመን ዘለው ያልፉታል። የእኔም ጽሑፍ የሚመለከተው ይህንኑ የተዘለለውን ዓመት ነው።

ጉትማን በ1899 በቡዳፔስት ከተማ ከአይሁድ ቤተ ሰብ ተወለደ። ወላጆቹ የዳንስ አስተማሪዎች ነበሩ፤ እርሱም በወጣትነቱ ይህንኑ ሙያ ተምሯል። በኳስ ተጫዋችነቱ መጀመሪያ ለቡዳፔስቱ ኤም ቲ ካ፣ ቀጥሎም በቪየና ለአይሁድ ስፖርተኞች ማኅበር ለሃኮዋ ተሰልፎ፣ በ1925 የኦስትሪያን ሻምፒዮንነት አገኘ። በ1924 በፓሪስ ኦሊምፒክ የአገሩን ማልያ ለብሶ ሳለ ሃንጋሪ በግብፅ 3 ለ 0 ተሸነፈች። ይህ ውጤት በዚያን ጊዜ ለአውሮፓ ጋዜጦች ትልቅ ድንጋጤ እንደ ነበረ ሳነብ፣ ለአንድ አፍሪካዊ አንባቢ ትንሽ ደስታ መስጠቱን አልደብቅም።

አሠልጣኝ ከሆነ በኋላ በ1939 የቡዳፔስቱን ኡይፔሽትን ለአገሩ ሻምፒዮንነትና በመካከለኛው አውሮፓ ለታወቀው ለሚትሮፓ ዋንጫ አበቃው። ከዚያ በኋላ ጦርነቱ መጣ። ጉትማን ለጊዜው በአንድ ቤት ጣራ ሥር ተሸሸገ፤ በኋላም ተይዞ ወደ ግዳጅ ሥራ ሰፈር ተወሰደ። በ1944 መጨረሻ ላይ ከሌላ የታወቀ አሠልጣኝ ከኤርኖ ኤርብስታይን ጋር አምልጦ ነፍሱን አዳነ። አባቱና እኅቱ ግን በናዚዎች እጅ አለቁ። ስለዚህ ዘመን በኋላ ብዙ አልተናገረም። ይህን ሰው ስለ ገንዘብ ሲከራከር ባየን ጊዜ፣ ሁሉን አጥቶ እንደ ገና የጀመረ ሰው መሆኑን ብናስታውስ መልካም ይመስለኛል።

ከጦርነቱ በኋላ ኡይፔሽት መልሶ ቀጠረው፤ በ1947ም ክለቡ የሃንጋሪ ሻምፒዮን ሆነ። እንግዲህ ጉትማን ወደ ቀድሞ ክለብ መመለስን ያወቀው ቤንፊካ ላይ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ሞክሮ ተሳክቶለታል። ቀጥሎ በኪሽፔሽት ክለብ ሳለ፣ ከዚያ ዘመን ተጫዋቾች ሁሉ ከሚበልጠው ከፈረንጽ ፑሽካሽ ጋር ተጋጨ። በአንድ ጨዋታ እረፍት ላይ አንዱን ተጫዋች ወደ ሜዳ እንዳይመለስ ቢያዝዘው ፑሽካሽ ‹ተመለስ› አለው፤ ተጫዋቹም የፑሽካሽን ቃል ሰማ። ጉትማንም ወደ ተመልካቾች መቀመጫ ወጥቶ ጋዜጣ ሲያነብ ከቈየ በኋላ ክለቡን ጥሎ ሄደ። በ1955 ደግሞ የጣሊያኑ ሚላን በሰንጠረዡ አናት ላይ እያለ አሰናበተው። ከዚያ ወዲህ ቡድኑ አንደኛ ሆኖ ሳለ እንዳይባረር የሚል ቃል በውሉ ውስጥ ይጽፍ ጀመር ይባላል።

በብራዚል ሳኦ ፓውሎን በ1957 የክፍለ ሀገሩ ሻምፒዮን አደረገ። በ1959ም በፖርቱጋል ፖርቶን ለሻምፒዮንነት አበቃ፤ ፖርቶ ያሸነፈው ከቤንፊካ ጋር በነጥብ ተካክሎ በጎል ብልጫ ነበር። ጉትማንም ዋንጫውን ለፖርቶ አስረክቦ በዚያው ዓመት ወደ ተሸናፊው ወደ ቤንፊካ ገባ። የፖርቶ ሰዎች ምን እንዳሉ መገመት አያስቸግርም።

በቤንፊካ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ብዙ አንጋፋ ተጫዋቾችን አሰናብቶ ወጣቶችን ማሳደግ ነበር። ክለቡ በ1960 እና በ1961 የፖርቱጋል ሻምፒዮን ሆነ። እስከዚያ ድረስ የአውሮፓን ሻምፒዮኖች ዋንጫ አምስት ጊዜ በተከታታይ ሪያል ማድሪድ ብቻ ወስዶት ነበር። በ1961 በስዊስ አገር በበርን ከተማ ቤንፊካ ባርሴሎናን 3 ለ 2 አሸንፎ ሁለተኛው የዋንጫ ባለቤት ሆነ። የባርሴሎና ኳስ በተደጋጋሚ የጎሉን ቋሚ እየመታ ተመልሷል፤ ዕድልም የድርሻዋን ሠርታለች ማለት ነው።

በዚህ ቡድን ውስጥ እነማን እንደ ነበሩ ማወቅ ይገባናል። አምበሉ ጆዜ አጉዋሽ የተወለደው በአንጎላ ነው። በረኛው ኮስታ ፔሬራና የመኻሉ ሰው ማሪዮ ኮሉና ከሞዛምቢክ ናቸው። ሁለቱ አገሮች በዚያን ጊዜ በፖርቱጋል ቅኝ ግዛት ሥር ነበሩ፤ በአንጎላም የነጻነት ጦርነት የጀመረው ቤንፊካ ዋንጫውን ባነሣበት በዚያው በ1961 ነው። እነዚህ ሰዎች በሚገዛቸው አገር ስም ተሰልፈው የአውሮፓን ታላላቅ ክለቦች አሸነፉ።

ከእነርሱም በኋላ ኢዩሴቢዮ መጣ። ጉትማን ስለዚህ ልጅ የሰማው በሊዝቦን በአንድ ፀጕር ቤት ውስጥ፣ ባወር ከሚባል ብራዚላዊ የቀድሞ ተጫዋች አፍ ነው ተብሎ ይተረካል። ኢዩሴቢዮ ዛሬ ማፑቶ በምትባለው በሎሬንሶ ማርኬሽ ከተማ የሚጫወትበት ቡድን የሊዝቦኑ የስፖርቲንግ ቅርንጫፍ ስለ ነበረ፣ ቤንፊካ በ1960 መጨረሻ ወደ ሊዝቦን ሲያስመጣው በሁለቱ ክለቦች መካከል ታላቅ ክርክር ተነሣ። ክርክሩ እስኪበርድ ድረስ ልጁ ከከተማው ወጥቶ በደቡብ የባሕር ዳርቻ በሆቴል እንዲቀመጥ ተደረገ።

ግንቦት 2 ቀን 1962 በአምስተርዳም ቤንፊካና ሪያል ማድሪድ ተገናኙ። በሪያል በኩል ያ በኪሽፔሽት የተጋጨው ፑሽካሽ ቆሟል። ፑሽካሽ ከእረፍት በፊት ብቻውን ሦስት ጎል አገባ፤ ሪያልም 3 ለ 2 እየመራ ለእረፍት ወጡ። ከእረፍት በኋላ ኮሉና አቻ አደረገ፤ የሃያ ዓመቱ ኢዩሴቢዮ ሁለት ጨመረ፤ ጨዋታው 5 ለ 3 በቤንፊካ አሸናፊነት አለቀ። ጉትማን ከዚህ ድል በኋላ የጠየቀው ገንዘብ ስለ ተከለከለ ወደ ኡሩጓይ፣ ወደ ፔኛሮል ክለብ ሄደ። አንድ አሠልጣኝ በአንድ ክለብ ሦስተኛው ዓመት መርዝ ይሆንበታል የሚል አነጋገር ነበረው፤ ቤንፊካ ላይ ሦስት ዓመት ፈጽሞ መሄዱ ነው። በዚያ በሦስተኛው ዓመት ቤንፊካ በአገሩ ሊግ ሦስተኛ መውጣቱን የድሉ ደስታ ሸፈነው።

እርሱ ከሄደ በኋላ ክለቡ አልወደቀም። ቺሊያዊው ፈርናንዶ ሪዬራ፣ ቀጥሎ ላዮሽ ቼይዝለር፣ ከዚያም ኤሌክ ሽዋርትዝ እየተተካኩ አሠለጠኑ፤ ቤንፊካም በ1963፣ በ1964 እና በ1965 የፖርቱጋል ሻምፒዮን ሆነ። የጎደለው የአውሮፓ ዋንጫ ብቻ ነበር። በ1963 በዌምብሌ በሚላን 2 ለ 1፣ በ1965 ደግሞ በሚላን ከተማ በኢንተር 1 ለ 0 ተሸነፈ። በሁለተኛው ጨዋታ በረኛው ኮስታ ፔሬራ ያመለጠችው ኳስ ጎል ሆነች፤ በኋላም ተጐድቶ ስለ ወጣ ተከላካዩ ጀርማኖ በጎሉ ውስጥ ቆመ። በዚያ ዘመን ተጫዋች መተካት አልተፈቀደም ነበር። እንዲህ በሚያስቈጭ ሁኔታ ሁለት ዋንጫ ያመለጠው ክለብ፣ ሁለት ዋንጫ ያመጣለትን ሰው ቢናፍቅ አያስደንቅም። ጉትማን በስልሳ ስድስት ዓመቱ ተመልሶ ተቀጠረ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። በአውሮፓ ውድድር ቤንፊካ መጀመሪያ የሉክሰምቡርጉን ዱደላንዥ በሁለት ጨዋታ አሥራ ስምንት ጎል አገባበት። ቀጥሎ የሶፊያውን ሌቭስኪን በጭንቅ አልፎ በሩብ ፍጻሜው ከማንችስተር ዩናይትድ ጋር ተደለደለ። በእንግሊዝ አገር 3 ለ 2 ተሸነፈ። ይህ ግን ተስፋ የሚያስቈርጥ አልነበረም፤ ቤንፊካ በዚህ ውድድር በሜዳው ተሸንፎ አያውቅምና።

መጋቢት 9 ቀን 1966 የመልሱ ጨዋታ በሊዝቦን ተደረገ። ከጨዋታው በፊት ኢዩሴቢዮ በ1965 የአውሮፓ ኮከብ ተጫዋች ሆኖ የተመረጠበትን የወርቅ ኳስ በሕዝቡ ፊት ተቀበለ። የማንችስተሩ አሠልጣኝ ማት በዝቢ ተጫዋቾቹን በመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ተጠንቅቀው እንዲከላከሉ አዝዟቸው ነበር። የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ጆርጅ ቤስት ግን ትእዛዙን ያልሰማ መሰለ፤ በስድስተኛው ደቂቃ አንድ፣ በአሥራ ሁለተኛው ሌላ ጎል አገባ። ኮነሊ ወዲያው ሦስተኛውን ጨመረ። ሩብ ሰዓት ያህል ሳይሞላ ነገሩ አለቀ። በመጨረሻው ውጤቱ 5 ለ 1 ሆነ፤ የቤንፊካ አንዲት ጎል እንኳ አንድ የማንችስተር ተከላካይ በራሱ ላይ ያገባት ናት።

በሊጉም ቤንፊካ ከስፖርቲንግ ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ። ዓመቱ ያለ አንድ ዋንጫ ሲፈጸም የጉትማንም ሥራ አብሮ ተፈጸመ።

እኔ እዚህ ላይ ስደርስ ሰውዬው አርጅቶ ነበር፤ ተጫዋቾቹም ደክመው ነበር ብዬ ልጨርስ ነበር። ነገር ግን ከዚያ ቀጥሎ የሆነውን ስመለከት ፍርዱ አልቀና አለኝ። በዚያው ዓመት በክረምት የፖርቱጋል ብሔራዊ ቡድን በእንግሊዝ አገር በተደረገው የዓለም ዋንጫ ሦስተኛ ወጣ፤ ኢዩሴቢዮም ዘጠኝ ጎል አግብቶ ከሁሉ በለጠ። ኮሉናም አምበል ሆኖ መርቷል። ከአራት ወር በፊት በሊዝቦን የተዋረዱት ሰዎች ብራዚልን 3 ለ 1 አሸነፉ። እንግዲህ ተጫዋቾቹ አልደከሙም ነበር።

ይበልጥ ያስገረመኝ ደግሞ በጉትማን ቦታ የተተካው ሰው ነው። ቤንፊካ በ1966 የሾመው ፈርናንዶ ሪዬራን ነው፤ ይኸውም በ1962 ጉትማን ሲሄድ የተካው ያው ሰው ነው! ሪዬራ በሁለተኛ ዘመኑ በ1967 ሻምፒዮን ሆነ። በ1968 ደግሞ ክለቡ ብራዚላዊውን ኦቶ ግሎሪያን ጠራ። ግሎሪያ ከ1954 እስከ 1959 በቤንፊካ ያሠለጠነ፣ በ1966ም ያንን የዓለም ዋንጫ ቡድን የመራ ሰው ነው። እርሱም በ1968 እስከ አውሮፓ ፍጻሜ ደረሰና በዚያው በማንችስተር ዩናይትድ 4 ለ 1 ተሸነፈ፤ በ1969 ግን የሊጉን ሻምፒዮንነት አገኘ። በአራት ዓመት ውስጥ ቤንፊካ ሦስት የቀድሞ አሠልጣኞችን መልሶ ቀጥሯል ማለት ነው። የሊጉን መዝገብ ስናይ ቤንፊካ በ1963፣ በ1964፣ በ1965፣ ከዚያም በ1967፣ በ1968፣ በ1969 ሻምፒዮን ነው። በመካከል የጐደለችው አንዲት ዓመት የጉትማን ዓመት ናት።

ታዲያ ሪዬራና ግሎሪያ ሲመለሱ የቀናቸው፣ ከሁሉ የበለጠው ጉትማን ለምን ሳይቀናው ቀረ? የሚከተለው የራሴ አስተያየት ነው። ጉትማን በ1959 ሲመጣ ያሰናበታቸው አንጋፋዎች የሌላ ሰው ተጫዋቾች ነበሩ፤ ለእርሱ ባዕዳን ስለ ነበሩ እጁ አልተንቀጠቀጠም። በ1965 ያገኛቸው አንጋፋዎች ግን በበርንና በአምስተርዳም ዋንጫውን ያነሡለት የገዛ ልጆቹ ናቸው። የቀድሞውን ሥራውን ለመድገም የራሱን ሰዎች ማሰናበት ይገባው ነበር። ደግሞም ሪዬራ ሲመለስ ሕዝቡ የሚጠብቀው አንድ ጥሩ አሠልጣኝ ነው፤ ግሎሪያ ክለቡን የተወው ክለቡ የአውሮፓን ዋንጫ ገና ሳያይ ነው። ከ1962ቱ ጉትማን ጋር እንዲወዳደር የተፈረደበት ጉትማን ብቻ ነበር።

አንድ የክፍል ጓደኛዬ ይህን አንብቦ ተቃወመኝ። በሊጉ ሁለተኛ መውጣትና በአውሮፓ ሩብ ፍጻሜ መድረስ ከመቼ ወዲህ ውድቀት ሆነ ብሎ ጠየቀኝ። ሌላ አሠልጣኝ ቢሆን ኖሮ ደኅና ዓመት ይባል ነበር አለኝ። መልስ ፈልጌ አጣሁ። በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ እኔም ከስልሳ ዓመት በኋላ ምሳር ይዤ መሰለፌን አወቅሁት።

ስለ እርግማኑ ያለኝን ልፈጽም። ጉትማን በእርግጥ ረግሞ ከሆነ፣ ከረገመ በኋላ መጥቶ ለዚያው ዋንጫ ደክሟል፤ ክለቡም ተበቅሎኛል ሳይል ቀጥሮታል። ስለዚህ ወሬው የተጠናከረው ሽንፈቶቹ ከበዙ በኋላ ይመስለኛል። በ1990 ቤንፊካ ለፍጻሜ የቀረበው ጉትማን በተቀበረባት በቪየና ከተማ ነበር። ኢዩሴቢዮም ከጨዋታው በፊት ወደ መቃብሩ ሄዶ እንደ ጸለየ ይነገራል። ቡድኑ በሚላን 1 ለ 0 ተሸነፈ። የዚያ ቀን አሠልጣኝ ስዊድናዊው ስቬን ጎራን ኤሪክሰን ነው፤ እርሱም ከ1982 እስከ 1984 ሠርቶ የሄደ፣ በ1989 ተመልሶ የተቀጠረ ሰው ነው። በዓመቱ በ1991 ሻምፒዮን አደረጋቸው። ክለቡ ይህን ልማድ አልተወም፤ በ2020 ጆርጅ ጄዙስን፣ በ2024 ብሩኖ ላዥን፣ በ2025 ደግሞ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ጆዜ ሞሪንሆን መልሶ ሾሟል።

ጉትማን ራሱም ከመመለስ አልተመለሰም። በ1973፣ ሰባ አራት ዓመት ሆኖት፣ በ1959 ጥሎት ወደ ሄደው ወደ ፖርቶ ለሁለተኛ ጊዜ ገባ። በ1981 በቪየና ሞተ። ቤንፊካም በ2014 በስታዲየሙ ሐውልት አቆመለት፤ ሐውልቱ ሁለቱን ዋንጫዎች ይዟል።

ይህን ጽሑፍ ለመጽሔቱ ከመስጠቴ በፊት ወደ አሠልጣኛችን ሄጄ ባለፈው ዓመት በመኝታ ቤት ውስጥ የተናገርሁትን ነገርኋቸው። እርሳቸውም ያን ጊዜውኑ ሰምተውት እንደ ነበር ገለጹልኝ። ከዚያም የቅዳሜው ልምምድ በአሥር ሰዓት መሆኑን ለጓደኞቼ እንዳስታውቅ አዘዙኝ።